ባዶውን የማያድር ጉድጓድ

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ሻይ ይፈላለታል፣ ንግግር ይደረግለታል፣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል። ከእንግዲህ ሰዓት ለማያስፈልገው ሰው ሰዓት መሸለማቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። እኔን ያሰናበተኝ ጉልበቴ ነው። ከዲላ ገበያ መደቤ ልነሳ ብዬ አንዴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ሞከርኩ። በሦስተኛው፣ ከጎኔ ጎመን የምትሸጠው ሙሉነሽ፣ "ተይው በቃ፣ ቁጭ በይ። አንቺንም ከቆጮው ጋር እንሸጥሻለን፤ የሚገዛ ከተገኘ" አለችኝ። ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያው ሳምንት መደቤን ለቀቅሁ።

ሀዋሳ ያለችው ልጄ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል፤ ሦስተኛ ፎቅ። "እማዬ፣ ነይ አብረን እንኑር" ስትለኝ ከርማ እሺ አልኳት። የምሸክፈው ዕቃ ብዙ አይደለም። ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓሮዬ ያለው የቆጮ ጉድጓድ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። ይህ ጉድጓድ ደግሞ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ባዶውን አድሮ አያውቅም። ለምን እንደማያድር ልጻፍ ብዬ ቁጭ ስል ሌላውም ሁሉ ተከትሎ መጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ዘመን ሳስበው እግሬ እንኳ የሚሻለው ይመስለኛል።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ገበያ አስተማረኝ። ገበያ ዕረፍት የለውም፣ ፈተናው በየቀኑ ነው፣ የወደቀም ደብተር አይመለስለትም።

ባለቤቴ ግርማ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ይይዝ ነበር። ደርግ ሲመጣ መጋዘኑ ተወረሰ። ነጋዴው ሄደ፣ ሚዛኑ ቀረ፣ ግርማም ከሚዛኑ ጋር ቀረ። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ደመወዝ የሚያገኘው ቡና በሚገባበት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር። ከየካቲት ጀምሮ ግርማም ሚዛኑም ያርፋሉ። ሚዛን ግን ምሳ አይጠይቅም።

እንግዲህ የአራት ወር ደመወዝ ለአሥራ ሦስት ወር ማብቃቃት ነበረብኝ። አሥራ ሦስት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ጳጉሜን የሚረሳ ሰው ደሃ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው።

በሰፈራችን ከእኔ ጋር ሰባት ቤት እንደዚሁ ነበርን። ባሎቻችን ወይ ጫኝ፣ ወይ ሚዛን ያዥ፣ ወይ ዘበኛ። ሙሉነሽም ያኔ ከሰባቱ አንዷ ነበረች። ቡና ሲገባ ሥጋ በየቤቱ፣ ጫማ በየእግሩ። በኅዳር የተገዛ ራዲዮ ሐምሌ ላይ ይሸጣል። አንዱን ራዲዮ ሦስት ቤት ሲዞር አይቼዋለሁ። ዜናው ግን የትም ቤት ያው ነበር።

መጀመሪያ የነገድኩት የተቀቀለ ስኳር ድንች ነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያ። ከዚያ ቆሎ ሞከርኩ፣ ከዚያ ሳሙና። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው የሚገኘው፤ ወረፋውን በድንጋይ እንይዝና ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ባለሱቁ ጓድ ሁልጊዜ "ነገ" ይለን ስለነበር፣ ድንጋዮቻችን ከእኛ ይልቅ ከእሱ ጋር ይተዋወቁ ነበር። በሳሙና አልከበርኩም። ንጹሕ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቀን ግርማ ሲመጣ፣ "መጋዘን ለጆንያ ማሰሪያ ገመድ ጠፋ" አለኝ። ገመድ ማለት ቃጫ ነው፣ ቃጫ ከእንሰት ነው፣ እንሰት ደግሞ ቡሌ። ወዲያው ነጠላዬን አንስቼ ሐጂ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ሐጂ ከጉራጌ አገር የመጡ፣ ሱቅና አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ያላቸው ሰው ናቸው። ስለዚያች መኪና ራሳቸው ነበሩ የሚቀልዱት። "ስትወጣ በነዳጅ፣ ስትወርድ በዱዓ ናት" ይላሉ።

ቡሌ ከዲላ በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ቡና አይበቅልበትም፣ እንሰቱ ግን! እንደ ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ጫካ ነው። ገበያው ውስጥ ነጭ፣ የሚያምር፣ ከባድ ቃጫ አየሁና ሳልከራከር ገዛሁ። ስሸከመው አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ሴት እስሩን ከትከሻዬ አወረደችው። በሁለት እጇ ጠመዘዘችው። ውሃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ።

"ውሃ ገዛህ" አለችኝ። "ውሃ ከዚህ እስከ ዲላ በነጻ ይወርዳል። አንተ ብር ሰጠህ።"

የበራሶ እናት ነበረች፤ በልጇ ስም ነው የምትጠራው። የጌዴኦ ሴት ናት፤ አማርኛን በትልቅነቷ ገበያ ላይ ነው የለመደችው፣ አማርኛዋ ውስጥ ሴትም ወንድም "አንተ" ነው። እኔንም እስከ መጨረሻው "አንተ" እንዳለችኝ ነው፤ እንደሷ አድርጎ ያከበረኝም ሰው የለም። ሻጩን ጠራችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፣ በራሳቸው ቋንቋ ነው። ሰውየው ግን ብሬን መልሶ፣ ከላዩ ላይ አንድ እስር ደረቅ ቃጫ መርቆልኝ ሄደ።

እንዲህ አለቃዬን አገኘሁ። ደመወዝ አልከፈለችኝም፣ እኔም አልከፈልኳት፤ ሥራ ግን እሷን የሚያህል ያስተማረኝ የለም።

የበራሶ እናት እንሰት ስትገዛ በመጀመሪያ ስለ ዋጋ አትጠይቅም። የባለቤቱን ጤና፣ የላሟን፣ የልጆቹን፣ የዝናቡን፣ የጎረቤቱን ታስቀድማለች። መቀነቷን ፈትታ የእንሰቱን ወገብ ትለካለች። በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች፣ እንደ በር። "የሞላ ዝም ይላል፣ ባዶ ይመልሳል" ትል ነበር። እኔም ይህን ከእንሰት ይልቅ በሰው ላይ ብዙ ጊዜ ሠርቼበታለሁ።

ፍቀቱ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አይደርስበትም። ከግንዱ የተላጠውን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፈሽ፣ በተረከዝሽ ይዘሽ፣ በቀርከሃ ትፍቂያለሽ። ቃጫው ወደ አንድ ወገን፣ ሊጡ ወደ ሌላው። ሥሩ ለብቻው ይከተከታል። የሚወርደው ውሃ ሲረጋ ከሥር ነጩ ቡላ ይቀራል። ሊጡ ከእርሾ ጋር ተለውሶ፣ የእንሰቱን ቅጠል፣ ኮባ፣ በለበሰ ጉድጓድ ይቀበራል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። አንድ ጊዜ ግርማ "ልይ" ብሎ አንገቱን በአጥሩ ላይ ቢያስገባ፣ አሥራ አምስት ሴቶች በአንድ ድምፅ ጮኹበት። "ደርግ እንኳ እንዲህ አልጮኸብኝም" አለ።

ጉድጓድ ከፍታ የሚወጣውን ካወጣች በኋላ፣ የበራሶ እናት የመጨረሻውን አንድ ጭብጥ አትነካም።

"ይቺስ?" አልኳት መጀመሪያ ቀን።

"ይቺ ለሚመጣው ናት። ጉድጓድ ባዶውን አያድርም። እርሾ የጠየቀ ሰው ከመጣ ምን ልትለው ነው?"

እርሾ የጠየቀን መከልከል ነውር ነው። ሰጪዋ ደግሞ በሰው እጅ አትልከውም፤ ራሷ ሄዳ፣ በገዛ እጇ ጉድጓዱ ውስጥ ትጨምራለች፣ ከዚያም ወጓን ይዛ እስከ ማታ ትሠራለች። ያኔ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን መሰለኝ። ነጋዴ ነኛ!

ሐሳቡ የመጣልኝ በዚያው ሰሞን ነው፤ እስከ ዛሬ የምኮራበት ሐሳብ። ቡና በሚገባበት ጊዜ ዲላ ገንዘብ አለ፣ ቡሌ ደግሞ ለግብር ገንዘብ ይፈልጋል። ታዲያ ራዲዮና ሥጋ ከመግዛታችን በፊት ለምን ሰባታችን አዋጥተን እንሰት በቁሙ አንገዛም? ለቡሌ ሰዎች ግብራቸው ይከፈላል፣ ለእኛ ደግሞ ዓመታችን ማሳቸው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ስንፈልግ እናስቆርጣለን። ቡላው የመኪናውን ይከፍላል፣ ቃጫው ጨውና ሳሙና ይገዛል፣ ቆጮው ይበላል። ከእንሰት የሚጣል ነገር የለም።

ሴቶቹን ሰብስቤ ስነግራቸው ሙሉነሽ፣ "ዓመቴን ሙሉ ቡሌ ላይ አቁሜ እኔ ዲላ ልተኛ?" አለች። ግን አዋጣች። ሁለት ዓመት እንደ ተዓምር ሠራ! ሐምሌ መጣ፣ ራዲዮኖቹ በየቤታቸው ናቸው። ነሐሴ መጣ፣ ልጆቹ ጠግበው ይደባደባሉ። የተረፈውን ቆጮ ወደ ሻሸመኔ እየወሰድኩ ለምግብ ቤቶች መሸጥ ጀመርኩ። ነጋዴ የሆንኩት ያኔ ነው።

በመንገዱ ላይ ያለው ኬላ ግን አለ። ያኔ ቡና ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስ ወንጀል ስለነበር ዘበኛው ረጅም ብረት ይዞ ጭነቱን ሁሉ ይወጋል።

"ምንድን ነው?"

"ቆጮ ነው ወንድሜ።"

"ትእዛዝ ነው፣ ይወጋል።"

"ውጋው። ቡና አይወጣውም። ዘንግህን ግን ኋላ ምሳ ስትበላ አታስጠጋው።"

ወጋ። አሸተተ። ፊቱን አዞረ። ሌላ ጊዜ አንዱን እስር ብቻ ወጋ። ሦስተኛ ጊዜ ከሩቅ፣ "የቆጮዋ ሴትዮ ናት፣ ልቀቃት!" ብሎ ጮኸ። እኔም በመኪናው ላይ ሆኜ እንደ ባለሥልጣን እጄን አነሳሁለት። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ሊፈትነኝ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ብልጥ ሆንኩ። ብልጠት ልክ እንደ ቅቤ ነው፤ ሲበዛ ያንሸራትታል።

ደቦው አስቆጨኝ። አሥራ አምስት ሴት ስትጠሪ አሥራ አምስት አፍ ታበያለሽ፤ ጎመኑ፣ ቅቤው፣ ቡናው፣ ያ ሁሉ ወግ። ኮባ መልቀም፣ ማጠውለግ፣ ሰባት እጥፍ መደራረብ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጉድጓዱንም ቡሌ ከማድረግ ጓሮዬ ባደርገው ምልልሱ ይቀርልኛል አልኩ። በዚያ ላይ ግርማ ከመጋዘን የተጣለ የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ አምጥቶ ነበር፤ ወፍራም፣ አንጸባራቂ፣ በነጻ። "ኮባ ዘመኑ አልፏል" አልኩ። አብዮት ነው እንግዲህ! የበራሶ እናት ያን ወር ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ላይ ስለነበረች አላማከርኳትም። ሁለት ሴቶች ቀጥሬ አስፋቅሁ፣ ሊጡን በሐጂ መኪና አወረድኩ፣ ጉድጓዱን በላስቲክ አለበስኩ፣ የሰባት ቤት ክረምት ቀበርኩበት፣ ድንጋይ ጫንኩ። ያ ሁሉ በአንድ ቀን! ለማንም ምሳ ሳላበላ! ማታ ለግርማ በኩራት ነገርኩት።

ግንቦት ላይ ከፈትኩት።

ቆጮ ይሸታል፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የሚያስርብ ሽታ ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። ላስቲኩ ውሃውን አላሳልፍ ብሎ ይዞታል፣ ሊጡም አልተነፈሰም። ከላይ ግራጫ፣ ከሥር ጥቁር፣ በጣት ሲነካ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ። ወደ ታች ቆፈርኩ፣ ምናልባት መሐሉ ይተርፋል ብዬ። መሐሉም ያው ነው። እስከ ክንዴ ገባሁ፣ ያው ነው።

ድንጋዩን መልሼ ጫንኩና እጄን ታጠብኩ። ሽታው አልጠፋ አለ።

ሙሉነሽ በአጥሩ በኩል፣ "ደረሰ?" አለች።

"ገና አልበሰለም" አልኳት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አልበሰለም። በየቤቱ የቀረውን እህል አውቀዋለሁ፤ ጎረቤት ነኝ፣ ወፍጮ ቤት ማን እንደሚሄድ አያለሁ። ማንም አይሄድም ነበር። ሰባት ቤት ክረምቱን በእኔ ጓሮ ላይ ጥለው ይጠብቃሉ፣ እኔ ድንጋዩን እጠብቃለሁ።

በዚህ መሐል አንድ የማላውቀው ሰው፣ ከንፈሩ ሲገለጥ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ በገበያ ሰዓት መደቤ ጋ ቁጢጥ አለ።

"እቴቴ፣ ቆጮሽ ተበላሸ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ነፋስ። እኔ እገዛሻለሁ።"

"የተበላሸውን?"

"እሱን ነው እንጂ። ከላይ ያንቺን ቆጮ፣ ከሥር የእኔን ጆንያ። ኬላው አንቺን አይወጋም። ይህን ሽታ ይዘሽ ከሄድሽ ደግሞ በሩን ራሱ ሮጦ ይከፍትልሻል።"

የሰጠኝ ዋጋ ግርማ በቡና ወቅት ከሚያገኘው ይበልጣል። ለሰባቱም ቤት ጤፍ መግዛት እችል ነበር። ማንም ሳያውቅ! አልዋሻችሁም፣ ፈለግሁት። የጣልኩትን ነገር እንኳ ገዢ መጣለት ብዬ በነጋዴነቴ ኮራሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ለግርማ ነገርኩት። ግርማ ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም፤ የሚዛን ልሳን እስኪቆም መጠበቅ ለምዷል። ቆይቶ፣ "እኔ በሕይወቴ የማውቀው ሚዛን ነው" አለ። "ሰውየው ያስቀመጠልሽን አየሽ። በዚያኛው ወገን ያለውን አየሽ?"

"ምንድን ነው ያለው?"

"እኔ ነኛ። የመንግሥት ቡና መዛኝ፣ ሚስቱ ቡና ስታሾልክ ብትያዝ።"

የወርቅ ጥርሱን አሰናበትኩት። "ቆጮው ለቀብር ነው" አልኩት። ነገር ግን እምቢ ማለት አያበላም። ሰኔ ገባ።

የበራሶ እናት በገበያ ቀን ቅቤ ይዛ ዲላ ወረደች። መደቤ ጋ ደረሰች፣ ሰላም ልትለኝ እጄን ያዘች፣ እጄን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። በሦስት ሳምንት ያልጠፋ ነገር ኖሯል።

"ጉድጓድህ ታመመ" አለች።

ገበያው መሐል አለቀስኩ። ዋይ ዋይ ሳይሆን፣ እንባው ብቻ ይወርዳል፤ ደንበኛም እያስተናገድኩ ነበር። ቤት ወሰድኳት። ድንጋዩን አነሳች፣ ላስቲኩን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ምን ልትቆጥብ ነው?" አለች።

"ደቦውን። ምሳውን። ሰዎቹን።"

"ጨው ይቆጠባል። ቅቤ ይቆጠባል። ሰው አይቆጠብም፣ አንተ።" ከዚያ ቀሚሷን አራገፈች። "ሴቶቹን ጥራ።"

ስድስቱም መጡ፤ በጓሮዬ ቆሙ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ላስቲኩን፣ ጥቁሩን፣ ሦስት ሳምንት የዋሸሁትን፣ የወርቅ ጥርሱን ሳይቀር። አንዷ ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች። ሙሉነሽ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ አየች።

"አሁን ላስቲኩን ቀቅለሽ ልታበይን ነው?"

"ብትይ እንኳ አልፈርድብሽም" አልኳት።

"ውሸቱ ነው ያናደደኝ" አለች። "ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ብትነግሪን ሦስት ሳምንት ቀድመን እንሰድብሽ ነበር። አሁን ስድቡም ተከማችቷል።" ከዚያ ወደ በራሶ እናት ዞረች። "እማማ፣ ምን ይሻላል?"

"ቡሌ ገበያ ትወጣላችሁ። ሰባታችሁም።"

ሐጂ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። "ሐጂ፣ ሰባት ሴት ቡሌ ይውሰዱልን። በቡላ እከፍላለሁ።"

"ቡላው የት አለ?"

"ገና እንሰቱ ውስጥ ነው።"

"እንሰቱስ?"

"ገና ልለምን ነው።"

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። "የእኔም ፍሬን ገና ጋራዥ ነው። ተሳፈሩ።"

ቡሌ ገበያ መሐል የበራሶ እናት ትከሻዬን ገፋ አደረገችና፣ "ጮኸህ ጠይቅ" አለችኝ። በዚያ ገበያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብር ይዤ ስከራከር የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። "እርሾ የሚሰጠኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ገበያው ዞረ። አንዲት ሴት፣ "ይህቺ የእኛን እየገዛች ለከተማ የምትሸጠዋ አይደለችም?" አለች።

"ናት!"

"እርሾ አጣች?"

"ጉድጓዷ ሞተባት!"

"በምን አልብሳው?"

የበራሶ እናት ያንን ላስቲክ ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ይዛው መምጣቷን አላወቅሁም ነበር። ገበያው በሳቅ ተናጋ። አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ሬሳ እንኳ በሰሌን ይገነዛል እኮ!" አለች ሌላዋ። ቅቤ ሻጮቹ ሳቁ፣ ፍየሎቹ ጮኹ፣ ሙሉነሽ ከሁሉ በላይ ሳቀች። እኔም መጀመሪያ በሐፍረት፣ ኋላ ከልቤ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች፣ "እኔ እሰጣለሁ" አለች። ቀጥላ ሌላዋ። አሥራ ስምንት ሆኑ። እርሾ ሰጪ ደግሞ በሰው እጅ አይልክም፤ አሥራ ስምንቱም ሊመጡ ነው! የሸሸሁት ደቦ ዞሮ፣ በሦስት ሰው በልጦ መጣብኝ።

እርሾ ብቻውን ግን ሊጥ አይሆንም። የበራሶ እናት ከራሷ ማሳ አራት እንሰት በመቀነቷ ለክታ ሰጠች። ሌሎቹ አንዳንድ ጨመሩ። "በብር አይደለም" አለች። "ተከላ ሲደርስ ሰባታችሁም ትመጣላችሁ፣ ችግኝ ትተክላላችሁ።"

በሁለት ቀን ተፋቀ፤ ሊጡም ሴቶቹም በሐጂ መኪና ዲላ፣ ጓሮዬ ወረዱ። የተበላሸው ተጥሎ ኮባው ሰባት እጥፍ ተነጠፈ፤ ራሴ ነኝ የነጠፍኩት፣ አንዱ ስስ ሲሆን "ላስቲክ ይጨመርበት?" እያሉ ይስቁብኛል። ምሳውን ሙሉነሽና አምስቱ ሴቶች ከየቤታቸው ያለውን አዋጥተው አበሉ። ከምን አምጥተው እንዳበሉ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ወፍጮ ቤት የሚሄድ አልነበረም ብያችኋለሁ። አሥራ ስምንት እጅ አንድ በአንድ እርሾውን ጨመረ።

ቆጮው እስኪደርስ የለጋ እንሰት ሥር፣ አሚቾ፣ እየቀቀልን በላን። አሚቾ አይቀበርም፣ አይጠበቅም፤ ተቀቅሎ በዳጣ ይበላል። ሰኔን በአሚቾ፣ ሐምሌን በአሚቾ። ትንሿ ልጄ፣ "እማዬ፣ ነገም አሚቾ ነው?" ስትለኝ፣ "ነገ ቅርጹን እለውጠዋለሁ" እላታለሁ። ነሐሴ መባቻ ላይ ድንጋዩን አነሳን። ሰባታችንም ቆመናል። ነጭ! ሽታው የሚያስርብ! ሙሉነሽ ጣቷን ከታ ቀመሰችና፣ "በሰለ" አለች፤ ወደ እኔ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየመዘነች። ያን ክረምት ከሰባቱ ቤት አንድም ራዲዮ አልተሸጠም።

ቃላችንንም ጠበቅን። ተከላው ሲደርስ ሰባት የዲላ ሴቶች በላስቲክ ጫማ ቡሌ ጭቃ ላይ ስንንሸራተት ያየ ሰው ገበያ መሄድ አላስፈለገውም፤ መዝናኛው እኛ ነበርን። ሐጂ ከመኪናቸው ሆነው፣ "አላህ ይቅር ይበላችሁ፣ ችግኙን ገልብጣችሁ ነው የተከላችሁት!" ይላሉ። የእኔ አንዱ በእርግጥ ተገልብጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ደርግም ሄደ፣ ኬላውም ሌላ ሆነ፣ እኔም ቆጮ ስሸጥ አረጀሁ። የበራሶ እናት በሞተች ጊዜ ሰባታችንም ቡሌ ወጥተን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ጉድጓዴ ግን ከዚያች ነሐሴ ጀምሮ አንድ ጭብጥ ሳይዝ አድሮ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ልመለስ።

ሙሉነሽ የልጇን ሚስት ይዛ መጣች፤ ጸሐይ ትባላለች። ኮንጋ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ለቃሚ ናት፤ ባሏም እዚያው ነው። ሥራቸው አራት ወር። ቤቴን ልትከራይ ነው የመጣችው።

"ኪራዩ በወር ነው እማማ?" አለችኝ፣ እየፈራች።

"በዓመት ነው። ቡና ሲገባ።"

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። "ሌላ ግዴታ አለው?"

"ጓሮ ያለው ጉድጓድ ባዶውን አያድርም።"

ጉልበቴ እምቢ ቢልም ተንበርክኬ፣ እጇን ይዤ፣ የመጨረሻውን ጭብጥ አስነካኋት። አሸተተች፣ ፊቷን ጨመደደች፣ ከዚያ ዘመናዊ ሰው አይደለችም እንዴ፣ "ንጹሕ እንዲሆን ላስቲክ ባለብሰውስ?" አለችኝ። ሙሉነሽ ግድግዳውን ይዛ ነው የሳቀችው።

ሀዋሳ ከገባሁ ወዲህ፣ ባለፈው ሳምንት ጸሐይ ደወለችልኝ። እንሰት ገዝታለች፤ በቁሙ፣ ከቡሌ።

"እማማ፣ ኮባው ስንት እጥፍ ነው ያሉኝ?"

"ሰባት።"

"ሴቶቹንስ ስንት ልጥራ?"

"የምታበያቸው እስኪያልቅብሽ ድረስ ጥሪ።"

"ካለቀብኝስ?"

"ያኔ ያበሉሻል።"